ጋራዥ ሲደርስ የሚድን መኪና

ለባለመኪናዎች፣ ለታክሲ ሾፌሮችና ጋራዥ ውስጥ ሙያ ለሚለምዱ ወጣቶች አዲስ አበባ ላይ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ሕመም ብቻ ነው፤ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ ስለሚንቀጠቀጥ ሞተር። ሁልጊዜ የሚንቀጠቀጥ ቢሆን መሰብሰብም ባላስፈለገን፤ ኮፈን ተከፍቶ ይፈለጋል፣ ይገኛል። ያስቸገረን አልፎ አልፎ የሚመጣው ነው። መገናኛ ላይ መብራት ይዟችሁ ቆማችኋል። መሪው እጃችሁ ውስጥ ይርገበገባል፣ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው የአርፒኤሙ መርፌ ወረድ ብሎ ይነሣል፣ «በቃ ጠፋች» ስትሉ ትተርፋለች። በማግስቱ ጋራዥ ትወስዷታላችሁ፤ ምንም የላትም። ሜካኒኩ ነዳጅ ሰጥቶ ያዳምጥና «ደህና ናት እኮ» ይላል። ከጋራዡ ወጥታችሁ አስፋልቱን ስትይዙ ይጀምራታል። ትስቃላችሁ፤ ደርሶባችኋል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚሆነውንም ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ይቀየራል። አልተሻላትም። የነዳጅ ፊልትሮ ይቀየራል። ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ይታጠባል። ትንሽ ሰንበት ብላ ደህና ትሆናለች፣ «ተገኘ» ይባላል፣ ተመልሳ ያው ናት። ሌላ ጋራዥ ፓምፑ ነው ይላል፤ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ተሄዶ «ኦርጅናል» የተባለ ፓምፕ ይገዛል። መጨረሻ ላይ «ሞተር ይውረድ» የሚለው ፍርድ ይመጣል። በዚህ ሁሉ መሐል ብልሽቱ ሲመጣ ያየው ባለመኪናው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም በደንብ አልጠየቀውም።

ይዤ የመጣሁት ሐሳብም ይኸው ነው። አንዳንዴ የሚመጣ ብልሽት ምኑ ጋ እንደሆነ ከመገመቱ በፊት መቼ እንደሚመጣ ይጠየቅ። መፍቻ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ ዛሬ ዛሬ የባሰበት ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያለችው ኮሮላ፣ ያለችው ቪትዝ፣ ገና ብዙ ዓመት ትሠራለች። ስንት ኪሎሜትር እንደሄደች ደግሞ ዳሽቦርዱን በማየት ብቻ ልታውቁ አትችሉም። ዳሽቦርዱ 120 ሺህ እያለ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ ብረቱ ከታየ፣ ፔዳሉን እመኑ።

እስቲ ሚኒሞ ላይ ሞተሩ ምን እየሠራ እንደሆነ እንይ። አራት ሲሊንደር ያለው የቤንዚን ሞተር በደቂቃ 700 ዙር ሲሠራ በሴኮንድ 23 ጊዜ ያህል ያቃጥላል፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሴኮንድ ስድስት ጊዜ እንኳ አይሞላም። በ3000 ዙር ግን በሴኮንድ 100 ጊዜ ያቃጥላል። በ3000 ዙር አንዱ ቢከሽፍ፣ ሳያቃጥል ቢቀር ማለት ነው፣ የሌሎቹ ግፊትና የቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ የብረት ክብ) ክብደት ይሸፍኑታል፤ በ700 ዙር ሲከሽፍ ወንበራችሁ ድረስ ይሰማል። ሁለተኛው ነገር አየሩ ነው። ሚኒሞ ላይ የአየር በሩ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ክፍል ውስጥ ጠንካራ መሳብ አለ። እዚያ ጋ በተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ትንሽ አየር ሾልኮ ቢገባ፣ ከጥቂቱ ላይ ስለሆነ ብዙ ያዛባል። ነዳጅ ስትረግጡ በሩ ይከፈታል፣ የሚገባው አየር ይበዛል፣ ሾልኮ የሚገባው ከቁጥር አይገባም። ለዚህ ነው «ስነዳት ደህና ናት፣ ስቆም ነው» የምትሉት።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ። የመጀመሪያው በጣም ቀላል ስለሆነ ሰው ይዘለዋል። መንቀጥቀጡ ሲመጣ የአርፒኤም መርፌው ይንቀሳቀሳል ወይስ ዝም ብሎ ቆሟል? መርፌው ቆሞ ሰውነቷ ብቻ የሚንዘፈዘፍ ከሆነ፣ ሞተሩን ተሸክመው የያዙትን ጎማዎች ተመልከቱ። በዘመናት ዘይት ጠጥተው፣ ደርቀው፣ ተቀደው ይሆናል። አውቶማቲክ ከሆነች ፍሬን ይዛችሁ ማርሹን ዲ ላይ ስታስገቡ ይብስባታል፣ ኒውትራል ላይ ይተዋታል። አንዳንዴ ብቻ የሚሰማውም ሞተሩ በተቀደደው ጎማ ላይ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ስለሚያርፍ ነው። በዚህ ምክንያት ሙሉ የካንዴላና የኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው ዕቃ) ስብስብ የቀየሩ ሰዎች አሉ።

መርፌው የሚንቀሳቀስ ከሆነ እንቀጥል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ነው ወይስ ከጋለ በኋላ? ኤሲ ሲበራ ነው? ማታ መብራትና ማራገቢያ ሲደረብ ነው? ፍሬን ስትረግጡ ነው? ነዳጅ ከቀዳችሁ በኋላ ነው? ዝናብ ሲዘንብ ወይም መኪናው በታጠበ ማግስት? መሪ ስታዞሩ? እያንዳንዱ መልስ የፍለጋውን ቦታ ያጠባል። ፍሬን ስትረግጡ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ሚኒሞው ከተናጋ፣ የፍሬኑን ማገዣና ወደ እሱ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ነው የምታዩት፤ ይህ ደግሞ ነገ የምትሉት ሥራ አይደለም፣ ፍሬን ነውና። ሰልባትዮ፣ የነዳጅ ታንኩን፣ ሞልታችሁ ስትነሡ ከሆነ፣ የቤንዚን ትነትን ወደ ሞተሩ የምትልከው ትንሽ ቫልቭ ሳትዘጋ ቀርታ ይሆናል፤ ቱቦዋን በፒንሳ ቀስ አድርጎ ቆንጥጦ ማየት በቂ ነው። ኤሲ ሲበራ ብቻ ከሆነ ሚኒሞውን ከፍ የሚያደርገው ክፍል በጥቀርሻ ተይዟል ማለት ይቀናኛል።

መሪ ስትዞር የምትለዋ ላይ ግን ቆም ልበል፤ ጥሩ ታሪክ አለባት።

አንድ በዕድሜ የገፉ የታክሲ ባለቤት ናቸው። መኪናቸው የዘጠናዎቹ ኮሮላ ናት፤ በፈረንጅ ዘጠናዎቹ ማለቴ ነው። አንዳንዴ ሚኒሞዋ ይወርዳል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ማርሚታዋም ነጣ ያለ ጭስ ይተፋል። የሄዱበት ጋራዥ ጭሱን አይቶ «ፋሻ ጨርሷል፣ ሞተር ይውረድ» ብሏቸዋል፤ ፋሻ ማለት የፒስተኑ ቀለበት ነው። ብሩን አበዳሪ ዘንድ ሊጠይቁ ደርሰው ነበር።

«ጋሼ፣ መቼ መቼ ነው የሚያስቸግርዎት?» አልኳቸው።

«ኧረ እኔ እንጃ ልጄ፣ ሲያሰኛት ነው።»

«መንገድ ላይ? መብራት ላይ?»

«መብራት ላይ አልፎ አልፎ ነው። የሚብሰው ጠባብ ቦታ ውስጥ ላቆማት ስታገል ነው። አንዳንዴማ ጭሱ ጎረቤት ያስወጣል።»

ላቆማት ስታገል ማለት መሪውን እስከ ጥግ ማዞር ማለት ነው። ቀጥዬ የመሪ ዘይት ይጨምሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እሱንማ ሁልጊዜ ነው፣ የት እንደሚሄድ አይታወቅም፣ መሬት ላይ አይታይም» አሉኝ። አሁን ኮፈን መክፈት ይቻላል።

በእነዚያ ዘመን ቶዮታዎች ብዙዎቹ ላይ ከመሪው ፓምፕ ጎን አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች። ከእሷ ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ይወጡና አየር ወደሚገባበት መስመር ይሄዳሉ። ሥራዋ መሪው ሲዞር ፓምፑ ሞተሩን ስለሚከብደው ትንሽ አየር ጨምራ ሚኒሞው እንዳይወርድ ማድረግ ነው። ስታረጅ ውስጧ ያለው ማገጃ ይለቅና ሞተሩ በመሳብ ኃይሉ የመሪውን ዘይት በቀጭኗ ቱቦ እየጠጣ ያቃጥለዋል። ቱቦዋን ነቀልኳት፤ ቀይ ዘይት እጄ ላይ ተንጠባጠበ። ሁለቱንም አፎች ደፍነን መሪውን እስከ ጥግ ብናዞረው ጭስ የለም፣ መንቀጥቀጥም የለም። ሚኒሞው ብቻ ትንሽ ወረድ ይላል፣ ቫልቯ ስለሌለች የሚጠበቅ ነው። ሞተሩ ሳይወርድ ቀረ። ፋሻ ነው ያለው ሜካኒክ ያየው ጭስ እውነተኛ ዘይት እየነደደ የወጣ ጭስ ነው፤ የየትኛው ዘይት እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

ከብርድና ከሙቀት ጋር ለሚመጣው ደግሞ እኛው የፈጠርነው በሽታ አለ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዘውን ቴርሞስታት ማውጣት። «መኪናው እንዳይፈላ» ተብሎ ነቅሎ መጣል የተለመደ ነው። ይህን ነገር በጣም ነው የምቃወመው። ሞተሩ 80 እና 90 ዲግሪ መሐል ገብቶ እንዲሠራ ነው የተሠራው። ቴርሞስታት ከሌለው በእኛ ከተማ አየር፣ በተለይ በክረምት ጠዋት፣ እዚያ ለመድረስ ብዙ ይቆያል፣ ቁልቁለት ሲያገኝም ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ የውሃውን ሙቀት አንብቦ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ስለሚል ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላው ጥቁር ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ ደግሞ ሚኒሞ ላይ አንዴ ይመታል አንዴ ይከሽፋል። አዲስ ካንዴላ ሲገባ ለጥቂት ጊዜ ይሻላታል፣ እሱም ይጠቁርና ወደ ቀድሞዋ ትመለሳለች። ካንዴላው ተጠቂ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። የምትፈላ መኪና ካላችሁ ራዲያተሩን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ማራገቢያውንና የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ጓርኒሲዮን ፈትሹ። ቴርሞስታቱን ወደ ቦታው መልሱት።

የውሃ ሙቀት ሴንሰሩም እንዲሁ ነው። ሽቦው ሶኬቱ ላይ ላልቶ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ያልሆነ ሙቀት ያነባል። የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብ ስካነር እያያችሁ ሽቦውን ነቅነቅ አድርጉት፤ 85 የነበረው ቁጥር ድንገት ከዘለለ አግኝታችኋል። አሮጌ መኪና ላይ ከዕቃው ይልቅ ሶኬቱና ሽቦው ናቸው አንዳንዴ ብቻ የሚያስቸግሩት። ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድም ከዚሁ ይቆጠራል። መብራትና ማራገቢያ አብርታችሁ፣ ቮልት መለኪያውን አንዱን ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳያችሁ ገመዱ ዝጓል ወይም ላልቷል።

ወደ እሳቱ እንምጣ። ኮይል ሲያረጅ ብዙውን ጊዜ ቀዝቅዞ ደህና ነው፣ ሲግል ይከሽፋል፣ ለዚህ ነው ጋራዥ ደርሶ ኮፈኑ ተከፍቶ ሲበርድ የሚድነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል ካለው መመርመሩ ያለ ምንም ወጪ ነው፤ የ2ኛውን ወደ 3ኛው፣ የ3ኛውን ወደ 2ኛው ቀይሩና ንዱት። የስካነሩ ኮድ ከፒ0302 (2ኛው ሲሊንደር ይከሽፋል) ወደ ፒ0303 (3ኛው ይከሽፋል) ከተሻገረ ኮይሉ ነው። እዚያው 2ኛው ላይ ከቀረ ኮይሉን ተዉት፣ ካንዴላውን አሻግሩ፤ አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ኢንጀክተሩ ወይም ሲሊንደሩ ራሱ ነው። ወጣቶች፣ ይህችን ያዙልኝ፤ ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው ያለውን አሻግራችሁ ሞክሩ። ዲስትሪቢውተር ላላቸው ደግሞ ጨለማ ቦታ አቁማችሁ ሞተሩ እየሠራ ኮፈን ከፍታችሁ የካንዴላ ገመዶቹን ተመልከቱ፤ የተበላ ገመድ ካለ በትንሹ ውሃ ስትነፉባቸው ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ብረቱ ሲዘል ታያላችሁ። እጃችሁን ግን አርቁ።

ካንዴላ ስትፈቱ ጉድጓዱን በባትሪ አብርታችሁ እዩት። የቫልቭ ክዳኑ ሥር ያሉት ክብ ጎማዎች ሲደርቁ ዘይት ወደ ካንዴላው ጉድጓድ ይወርድና የኮይሉን ወይም የገመዱን ጎማ ያበላሸዋል። እሳቱ በዘይት በረጠበው ጎማ ሾልኮ ወደ ብረቱ ይሄዳል። ጉድጓዱን በጨርቅ ጠርጎ አዲስ ካንዴላ መክተት ሥራ አይደለም፤ ዘይቱ ተመልሶ ይሞላል፣ እናንተም ትመለሳላችሁ።

አሁን የምናገረው መጻሕፍቱ ላይ የማታገኙት፣ እዚህ ከተማ ለምንሠራ ሰዎች ብቻ የሚሆን ነው። ከአየር በሩ ወዲያ ያለውን መሳብ የሚለካው የአየር መሳብ መለኪያ ያለው ሰው አለ? ጥሩ። መለኪያው ላይ አረንጓዴ የተቀባው ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ያለው ነው፤ ደህና ሞተር እዚያ ውስጥ ይቆማል ይላል። ያ ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳስቷል፤ በየ1,000 ጫማ (300 ሜትር ያህል) ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀነሳል። ስለዚህ እዚህ ጤነኛ ሞተር ከ10 እስከ 13 ግድም ያነባል። አንዳንዱ መለኪያ ላይ እዚያ ቦታ «የቫልቭ ታይሚንግ ዘግይቷል» የሚል ጽሑፍ አለ፤ የሲሊንደሩ አየር ማስገቢያና ጭስ ማውጫ ቫልቮች ዘግይተው ይከፈታሉ ማለቱ ነው። ጽሑፉን አምኖ ሰንሰለትና ቺንጋ የሚያስፈታ ሜካኒክ ጤነኛ ሞተር እየፈታ ነው። እኛ የምናየው የመርፌውን አኳኋን ነው። ዝም ብሎ ከቆመ ደህና። በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ቶክ ቶክ እያለ ከወረደ አንድ ቫልቭ አይዘጋም ወይም አንድ ሲሊንደር ይከሽፋል። ቀስ ብሎ ከወዲህ ወዲያ ከዋዠቀ የነዳጁና የአየሩ ልክ ተዛብቷል።

ኮምፕሬሽንም፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ሲታመቅ የሚለካው ግፊት፣ እንደዚያው ነው። መጽሐፉ 190 ፒኤስአይ የሚለው ሞተር እዚህ 150 ቢሰጣችሁ አትደንግጡ፤ ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሚጎድለው በአየሩ መሳሳት ነው። ወደ አዋሽ ወርዳችሁ ብትለኩት ይጨምራል። ዋናው የአራቱ መቀራረብ ነው። ሦስቱ 150፣ 150፣ 145 ብለው አንዱ 110 ካለ ያን ያዙት። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ድጋሚ ለኩ፤ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ነው። ስትለኩ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ይረገጥ፣ አራቱም ካንዴላ ይውጣ።

ቫልቩን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የሚንኳኳ ቫልቭ ሁሉም ይሰማዋል፣ ይስተካከልልኝ ይላል። አደገኛው ዝም ያለው ነው። ብዙ የሄደ ሞተር ላይ ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ወደ ላይ ይወጣና ከሚገፋው ክፍል ጋር ያለው ክፍተት ይጠብባል። ሞተሩ ሲግል ብረቱ ይረዝማል፣ ክፍተቱ ያልቃል፣ ቫልቩ ጨርሶ አይዘጋም። ቀዝቃዛ ሳለች ጸጥ ያለች፣ ከጋለች በኋላ መብራት ላይ የምትከሽፍ፣ ካንዴላም ኮይልም ቀይራችሁ ያልዳነች መኪና ካለቻችሁ ኮምፕሬሽኗን ስትግልም ስትበርድም ለኩ። ቀዝቃዛ 145 ሆኖ ሲግል 110 የሚወርድ ሲሊንደር ካገኛችሁ የቫልቭ ክፍተት ነው። ቶሎ ከተያዘ ማስተካከያ ብቻ ነው፤ ከቆየ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ይቃጠላልና ቴስታታ ይወርዳል።

ስለ ኮምፒውተር ደግሞ። ስካነር መሰካት ጥሩ ነው፤ የሚያስፈራኝ ከመሰካቱ በፊት የሚደረገው ነው። «ባትሪውን ትንሽ ነቅለህ መልሰው፣ ራሱን ያስተካክላል» የሚል ምክር አለ። ባትሪው ሲነቀል የተመዘገበው ኮድ ይጠፋል፣ ብልሽቱ በመጣባት ቅጽበት ዙሩ ስንት እንደነበረ፣ ውሃው ስንት ዲግሪ እንደነበር ኮምፒውተሩ የያዘው መረጃ አብሮ ይጠፋል። አንዳንዴ ለሚመጣ ብልሽት ያ መረጃ ከሁሉም ይበልጣል፤ መቼ ለሚለው ጥያቄ መኪናዋ ራሷ የሰጠችው መልስ ነው። መጀመሪያ አንብቡ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ ከዚያ አጥፉት።

ፒ0171 ካያችሁ፣ ማለትም ነዳጁ ለአየሩ አንሷል ሲል፣ ኮምፒውተሩ የሚጨምረውን የነዳጅ መቶኛ ሚኒሞ ላይ እዩት፣ ከዚያ በ2500 ዙር ይዛችሁ እዩት። ሚኒሞ ላይ 20 ሆኖ በ2500 ወደ 3 ከወረደ አየር ሾልኮ እየገባ ነው። በሁለቱም ከፍተኛ ከሆነ ወይም ዙር ሲጨምር ከባሰ የነዳጅ ፓምፕ፣ ፊልትሮ፣ ወይም የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር መቆሸሽ ነው። ይህ ግን ያ ሴንሰር ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ላላቸው ነው። በግፊት ሴንሰር የሚሠሩት ላይ ሾልኮ የገባው አየርም በሴንሰሩ ስለሚታይ ኮምፒውተሩ ነዳጅ አብሮ ይጨምራል፤ መኪናዋ ነዳጅ እንዳነሰው ከመሆን ይልቅ ሚኒሞዋ ከፍ ብሎ ይዋዥቃል። በዘጠናዎቹ ኮሮላዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። የስካነር ሶኬት የሌላቸው የጃፓን መኪኖች ደግሞ ኮፈኑ ሥር ባለችው ጥቁር ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ስታገናኙና ቁልፉን ስትከፍቱ የሞተር መብራቷ እየበራች እየጠፋች ኮዱን ትቆጥርላችኋለች፤ ሁለት ብልጭታ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ሁለት ብልጭታ ከሆነ 22 ነው፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። አንድ ብር አትከፍሉበትም።

ሾልኮ የሚገባውን አየር ለማግኘት ቤንዚን ወይም የካርቡሬተር ማጠቢያ በሞቀ ሞተር ላይ የሚረጩ አሉ። በእሳት አትጫወቱ። አንድ ሜትር የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮአችሁ ላይ፣ ሌላውን በየመገጣጠሚያው ላይ እያደረጋችሁ አዳምጡ፤ ፉጨቱ ይሰማል። ቱቦዎቹንም አንድ በአንድ ቆንጥጡ፤ ቆንጥጣችሁ ሚኒሞው ከተረጋጋ የዚያ መስመር ነው። ከሞተሩ ዘይት ክፍል ወደ ላይ የምትመጣዋን ቫልቭ ነቅላችሁ ነቅንቁ፤ ኳ ኳ ካላለች ተጣብቃለች።

«ሚኒሞውን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» የምትሉ ባለመኪናዎች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህን አትጠይቁ። መንቀጥቀጡ ይደበቃል፣ ምክንያቱ ውስጥ ውስጡን ይሠራል፣ ነዳጃችሁ ይሄዳል። የአየር በሩ መቆሚያ ብሎን ከተነካ ደግሞ ቀጥሎ የሚመረምረው ሰው የሚያነበው ቁጥር ሁሉ ይሳሳታል።

እስቲ ጥያቄዎች።

አንድ ወንድማችን ጥቁር ገበያ ላይ በጀሪካን የገዛው ቤንዚን ምክንያት ሊሆን ይችላል ወይ ብሏል። ይችላል፤ ውሃ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበት ነዳጅ መኪናን ያከሽፋል። ነገር ግን ነዳጅ ቆሽሾ ሚኒሞ ላይ ብቻ አይሰማም፣ ዳገት ላይም ጉልበት ያሳጣል። ከፊልትሮው በፊት ካለው መስመር በጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡት፤ ውሃ ካለ ከሥር ይለያል።

እትዬ ደግሞ ዘይቱን በጊዜው ባይቀይሩ ከዚህ ጋር ይገናኛል ወይ ብለዋል። ቪቪቲ ባላቸው፣ ቪትዝ ውስጥ የሚገኘው 1ኤንዜድ ሞተር እንደዚያ ነው፣ በደንብ ይገናኛል። ቪቪቲ የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው በሞተር ዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ ሲወፍርና ሲጠቁር የሚቆጣጠረው ቫልቭ ይያዛል፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ወደ ፊት እንደተገፋ ይቀርና ሚኒሞ ላይ የተቃጠለ ጭስ ከአዲሱ አየር ጋር ይቀላቀላል። ያኔ ትንቀጠቀጣለች፣ አንዳንዴም ትጠፋለች፣ አጥፍተው ሲያስነሷት ትተዋለች።

የመጨረሻው ጥያቄ ከልምምድ ላይ ካለ ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ ግማሽ ቀን ፈልጌ አንድ ቱቦ ብቻ ብቀይር ባለመኪናው ምን ብዬ አስከፍለዋለሁ?» ብሏል። እውነተኛ ጥያቄ ነው። እኛ አገር ሰው ዕቃ ይዞ ሲሄድ ይከፍላል፣ ለፍለጋ መክፈል አልለመደም፤ ሜካኒኩም ስለዚህ ዕቃ ይቀይራል። ኮፈኑን ሳትከፍት በፊት ተነጋገር፤ «ምርመራው ይህን ያህል ነው፣ ዕቃ ካስፈለገ ለብቻው ነው» በለው። ስትጨርስ ደግሞ ደረሰኙ ላይ የለካኸውን ጻፍለት፤ የአራቱን ኮምፕሬሽን፣ የማሳውን ቮልት፣ ያነበብከውን ኮድ፣ ሲጀመር ሞተሩ ስንት ዲግሪ እንደነበረ። ከመንፈቅ በኋላ ሌላ ነገር ይዞ ሲመጣ የምታወዳድርበት ቁጥር ይኖርሃል፤ ሌላ ጋራዥ ቢሄድም ያ ሰው ከዜሮ አይጀምርም።